ውሃው ቶሎ ታየኝ፣ ስኳሩ ግን አስጠበቀኝ፦ የዘጠኝ ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ቀይ ቀለም

በተክል ውስጥ ካሉት ሁለት ዓይነት ቧንቧዎች ዛይለም ውሃ ይወስዳል፣ ፍሎየም ስኳር ይወስዳል። ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ሁለቱንም ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ በሚገኝ ዕቃ የቱን ያህል ማየት እንደሚቻል ልሞክር ነው።

ያሰባሰብኩት ይህን ነው፦ ቀይ የምግብ ቀለም፣ አንድ ፓኬት ምላጭ፣ የተማሪ ማይክሮስኮፕ፣ መርፌ የሌላቸው ሲሪንጆች፣ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ቫዝሊን፣ አዮዲን፣ አልኮል፣ እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን። ተክሎቼ ራሴ የዘራኋቸው ቦሎቄዎችና አንድ የሂቢስከስ ቁጥቋጦ ናቸው። ለመጀመሪያው ቀን ግን ሰለሪ ያዝኩ፤ ዘንጉ ወፍራምና ገርጣ ያለ ስለሆነ ቀለም ያሳያል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሁለት ሰዓት ጠብቄ ቀለሙ 2 ሴ.ሜ. እንኳ አልወጣም። መጀመሪያ ቀለሙ ቀጥኖ ነው ብዬ ጨመርኩበት፣ ለውጥ የለም። ጥፋቱ ሌላ ነበር። ዘንጎቹን ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ ትቻቸው ቀለሙን ሳዘጋጅ ሃያ ደቂቃ ቆየሁ። ዛይለም ውስጥ ያለው ውሃ ከላይ እየተሳበ የተወጠረ ነው። ሲቆረጥ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ አየር ተከትሎት ይገባል። አየር የገባበት ቧንቧ ደግሞ መሳብ ያቆማል።

በሁለተኛው ዙር ዘንጎቹን ባልዲ ውስጥ ነክሬ፣ ውሃው ስር እንዳሉ ከግርጌያቸው 3 ሴ.ሜ. ቆረጥኩላቸውና ጫፋቸው ሳይደርቅ ወደ ቀለሙ አዛወርኳቸው። በአንድ ሰዓት 9 ሴ.ሜ. ወጣ! ጎኑ ላይ ቅጠሉን በሙሉ የገነጠልኩለት ዘንግ አስቀምጬ ነበር። እሱ በዚያው ሰዓት 2 ሴ.ሜ. ብቻ ነው የሄደው። የተቆረጠ ዘንግ ከታች የሚገፋለት ሥር የለውም። ስቦ የሚያወጣው ላይ ያለው ቅጠል ነው።

ዘንጉን አግድም ስቆርጠው ቀያይ ነጥቦች በቅስት ተደርድረው ታዩ። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነቴ ተሰበረ። ሰለሪን ሲሰብሩት እየተላጠ የሚወጣው ክር ዛይለም ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ክሩ ጠርዙ ላይ ነው ያለው፣ ቀለምም አልነካውም። ቀዩ ነጥብ ከሱ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው። ክሩ ኮለንካይማ የሚባል ደጋፊ ህብረ ህዋስ ነው፤ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ያቆማል እንጂ ውሃ አያመላልስም።

ሳምንት 2፦ ምላጭና ማይክሮስኮፕ

ሦስት ቀን ሙሉ የሄደው ስስ ቁራጭ ለማውጣት ነው። የቦሎቄ ግንድ በጣት ይዤ ስቆርጥ ወይ ይደቀቃል ወይ ሰያፍ ይሆናል። ካሮት መሀሉን ሰንጥቄ ግንዱን እዚያ ውስጥ አጣብቄ መቁረጥ ስጀምር ነው ነገሩ የተስተካከለው። ምላጩም ግንዱም እርጥብ መሆን አለባቸው። መጫን ሳይሆን ወደ ራስ እየሳቡ ማንሸራተት ነው። ከሃያ ቁራጭ አንዱ ቢሳካ ነው፤ እሱንም በብሩሽ አንስቼ ውሃ ላይ አንሳፍፈዋለሁ። አንድ ምላጭ ከአሥር ቁራጭ በላይ አይሠራም፣ ፓኬቱ በሦስት ቀን አለቀ።

ማቅለሚያው ቶሉዊዲን ብሉ ነው። መጀመሪያ አብዝቼበት ሁሉም ነገር ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። አንድ ጠብታ፣ ለግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ በውሃ ማጠብ፤ በቃ። እንዲህ ሲደረግ ሊግኒን (ግድግዳን እንደ እንጨት የሚያጠነክር ነገር) ያለበት ግድግዳ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይሄዳል፣ የቀረው ሐምራዊ ይሆናል።

ያየሁትን ልግለጸው። ክብ ግንድ። ጠርዙን ተከትለው በቀለበት የተደረደሩ ዘለላዎች። በየዘለላው ወደ መሀል በኩል ትልልቅ፣ ባዶ፣ ግድግዳቸው ወፈር ያለ ሰማያዊ ቀዳዳዎች። ይሄ ዛይለም ነው። ከነሱ ወደ ውጪ፣ ወደ ቅርፊቱ በኩል፣ ጥቃቅንና ሐምራዊ የሆኑ የተጨናነቁ ህዋሳት። ይሄ ፍሎየም ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ካምቢየም፣ ሁለቱንም የሚወልደው ስስ ሽፋን። ከበቆሎም ቆርጬ አየሁ፤ እዚያ ቀለበት የለም፣ ዘለላዎቹ ግንዱ ውስጥ ተበታትነዋል።

የዛይለሙ ቀዳዳ ባዶ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ህዋሱ አድጎ፣ ግድግዳውን አጠንክሮ፣ ከዚያ ሞቶ ውስጡ ተራቁቶ ነው ቧንቧ የሚሆነው። የፍሎየም ቱቦ ግን በሕይወት አለ። ኒውክሊየሱን ጥሏል፣ ጎኑ የተለጠፈ አጃቢ ህዋስ ነው የሚያኖረው። ይህን ልዩነት እዚህ ላይ ችላ ብዬ አልፌው ነበር፤ በኋላ ብዙ ቀን አስከፍሎኛል።

ልኬትም ሞከርኩ። ግልጽ ማስመሪያ ሌንሱ ስር አድርጌ በ40 እጥፍ ሲታይ የእይታው ወርድ 4.5 ሚ.ሜ. ነው፤ ስለዚህ በ400 እጥፍ 0.45 ሚ.ሜ. ይሆናል። ትልቁ ቀዳዳ ከዚያ አንድ አሥረኛውን ያዘ፣ ወደ 45 ማይክሮሜትር ማለት ነው። በዚህ ስፋት ያለ ቱቦ ውሃን ከግድግዳው ጋር በመጣበቅ ኃይል ብቻ ቢያወጣ ስሌቱ 66 ሴ.ሜ. ገደማ ይሰጣል። ለቦሎቄ ምንም አይልም፣ ለዛፍ ግን አይሆንም። በፓምፕ ከላይ መሳብም ከ10 ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆማል። ከ115 ሜትር በላይ የሆነ ዛፍ ደግሞ አለ።

መልሱ ቅጠሉ ጋ ነው። ውሃው የሚተነው ከቅጠል ህዋሳት ግድግዳ ላይ ነው፣ የግድግዳው ቀዳዳዎች ደግሞ በናኖሜትር የሚለኩ ናቸው። ራዲየሱን 10 ናኖሜትር አድርጌ ያንኑ ስሌት ስደግመው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ። ደጋግሜ አጣራሁት፣ ልክ ነው። ጠባቡ ቀዳዳ ላይ ውሃው አጥብቆ ይይዛል፣ ከታች ያለው ውሃ ደግሞ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ገመድ ይሳባል። ተመራማሪዎቹ ዲክሰንና ጆሊ ይህን ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው።

ሳምንቱ ሲያልቅ የሂቢስከሱን ሦስት ቅርንጫፎች በ1.5 ሴ.ሜ. ወርድ ዙሪያቸውን ልጬ ቅርፊታቸውን አነሳሁ፣ እርጥበት እንዳይሸሽ በፎይል ጠቀለልኳቸው። ፍሎየም ያለው ቅርፊቱ ውስጥ ስለሆነ እንጨቱ ሳይነካ ፍሎየሙ ይቋረጣል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፣ ትቼዋለሁ።

ሳምንት 3

ብዙ አልሠራሁም። ቦሎቄዎቹ ጠወለጉ፣ ጠምቷቸው ነው ብዬ ውሃ ጨመርኩ፣ ይባስ ጠወለጉ። ሦስቱ ሞቱ። ስነቅላቸው አፈሩ ጭቃ ነው፣ ሥራቸው ቡናማና ልፍስፍስ። አፈሩ በውሃ ሲሞላ ሥር ኦክሲጅን ያጣል፤ ሥሩ ሲታፈን ውሃ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ውሃ ማስገባት ያቅተዋል። አዲስ ዘራሁ፣ የዕቃውንም ታች በሳሁ።

ሳምንት 4፦ ፖቶሜትር

አንድ ቅርንጫፍ በደቂቃ የሚጠጣውን ውሃ ልለካ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የሂቢስከስ ቅርንጫፍ ለስላሳ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ቱቦው የውስጡ ወርድ 1 ሚ.ሜ. ከሆነ የመስታወት ቱቦ ጋር ይያያዛል፣ መስታወቱ ውስጥ አንድ የአየር አረፋ ይገባል። ቅርንጫፉ ሲጠጣ አረፋው ይሄዳል። ጎን ላይ የተሰካች ሲሪንጅ አረፋውን ወደ መነሻው ትመልሳለች። 1 ሚ.ሜ. ጉዞ ማለት 0.785 ማይክሮሊትር ነው።

የመጀመሪያው ዕቃ አየር አስገባ። ሁለተኛው ላይ መገጣጠሚያውን በቫዝሊን ደፈንኩ፣ አረፋው ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ። ፈትቼ ሳየው ቫዝሊኑ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ተለድፏል፤ ቧንቧዎቹን በገዛ እጄ ደፍኛቸዋለሁ። ሦስተኛው ላይ አረፋው ወደ ኋላ ሄደ! ይሄ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ፀሐይ ሲሪንጇ ላይ አርፋ ውሃው እየሞቀ ይሰፋ ነበር። ዕቃውን ጥላ ውስጥ አድርጌ፣ ቅጠሉን ብቻ ብርሃን ላይ ሳደርገው ተስተካከለ።

አራተኛው ሠራ። ሁሉንም ባልዲ ውስጥ፣ ውሃ ስር ነው የገጣጠምኩት። ቫዝሊን ከውጪ ብቻ፣ እሱም መጨረሻ ላይ። እስከዚህ ድረስ ስምንት ቅርንጫፍ ባክኗል።

ንባቦቹ፣ እያንዳንዳቸው የአምስት ልኬት አማካይ ናቸው። በተረጋጋ አየር በደቂቃ 7 ሚ.ሜ.። በቬንትሌተር 11። በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍኜው 2። ጨለማ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 2። የቅጠሎቹን የላይ ገጽ ቫዝሊን ስቀባ 6፣ የታች ገጻቸውን ስቀባ ደግሞ 2። የሂቢስከስ ስቶማታ (ውሃ እየተነነ የሚወጣባቸው ጥቃቅን የቅጠል ቀዳዳዎች) በብዛት ከታች እንደሆኑ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አላገኝም። ቫዝሊን የተቀባ ቅጠል ግን አይመለስም፣ ለየሙከራው አዲስ ቅርንጫፍ ያስፈልጋል።

አረፋው የሚለካው የገባውን እንጂ የተነነውን አይደለም። ስለዚህ ተመሳሳይ ቅርንጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ፣ ውሃው ላይ ዘይት አንሳፍፌ በየሰዓቱ መዘንኩት። ክብደቱ በአምስት ሰዓት 1.5 ግራም ቀነሰ። ፖቶሜትሩ በዚያ ፍጥነት 1.65 ነው የሚለው። ቅርንጫፎቹ ሁለት የተለያዩ ናቸው፣ ሚዛኔም ሻካራ ነው፤ ለኔ በቂ ነው። ተመራማሪው ስቲቨን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1727 ባሳተመው ሥራ የሱፍ አበባን ከነ ማሰሮዋ እየመዘነ ነው ይህን የለካው፤ በሚዛን ብቻ ያን ያህል መራቁን አሁን ሞክሬው ነው ያደነቅኩት።

ሳምንት 5፦ ወደ ስኳሩ

ውሃውን በመቁረጥና በማቅለም አገኘሁት። ስኳሩንም እንዲሁ አገኘዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። የቦሎቄ ግንድ ቆርጬ የሚወጣውን ጠብታ በስኳር መለኪያ ሪፍራክቶሜትር አየሁ። ዜሮ ማለት ይቻላል። የፍሎየም ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ከመቶ 10 እስከ 25 ስኳር ይይዛል፣ እኔ ያገኘሁት ውሃ ነው። አምስት ግንድ ቆረጥኩ፣ አምስቱም ያው።

ሁለት ቀን ካነበብኩ በኋላ ነገሩ ገባኝ። ጠብታው የመጣው ሥር ገፍቶት በዛይለም በኩል ነው። ፍሎየሙ ገና ምላጩ ሲነካው ራሱን ዘግቷል። ቱቦዎቹ ጫፍ ለጫፍ የሚገናኙት ወንፊት በመሰለ ግድግዳ ነው። ቱቦው ውስጥ ከፍተኛ ግፊት አለ፤ ሲቆረጥ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፣ ውስጡ ያለው ፕሮቲን ተግተልትሎ ወንፊቱ ላይ ይከመራል፣ ቀጥሎ ካሎስ የሚባል ነገር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ቁስል ላይ ደም እንደሚረጋ ማለት ነው። ዛይለም የሞተ ስለሆነ ስትቆርጠው ዝም ይላል። ፍሎየም ሕያው ስለሆነ ይከላከላል። በሁለተኛው ሳምንት ችላ ያልኩት ነገር እነሆ። እስካሁን የያዝኩት ዘዴ በሙሉ ለሞተ ቧንቧ የሚሠራ ነው።

ሳይቆርጥ የሚቀዳ ግን አለ። የቦሎቄዎቼ ቅጠል ስር አፊዶች (የተክል ፈሳሽ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ፈልተው ነበር፣ ላጠባቸው ስል ተውኳቸው። አፊድ ከፀጉር የቀጠነ አፏን በቀጥታ አንድ የፍሎየም ቱቦ ውስጥ ትሰካለች፣ ቱቦውም ሳይዘጋ ይፈስላታል። ተመራማሪዎቹ ኬኔዲና ሚትለር እ.ኤ.አ. በ1953 እየጠጣች ያለችን አፊድ አፏን ብቻ አስቀርተው ቆረጡ፤ ፈሳሹ በተቆረጠው አፍ በኩል መውጣቱን ቀጠለ። እኔ ያን ማድረግ አልችልም። ቅጠሉ ስር ግልጽ ፕላስቲክ አንጥፌ አደርኩ። ጠዋት ፕላስቲኩ ላይ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ተበትነዋል፣ ጣት ላይ ይጣበቃሉ። በአንድ ጠብታ ውሃ አሟሙቼ የግሉኮስ ስትሪፕ ነከርኩበት፣ ቀለሙ ተቀየረ። ነፍሳቷ ውስጥ አልፎ የመጣ ስለሆነ ንጹሕ የፍሎየም ፈሳሽ ነው አልልም። ግን ስኳር ነው፣ የመጣውም ከዚያ ቱቦ ነው።

ሳምንት 6፦ ቀለበቶቹ

በሁለተኛው ሳምንት እንደ ቀለበት ዙሪያቸውን የላጥኳቸውን የሂቢስከስ ቅርንጫፎች ፎይል ፈታሁ። ከተላጡ አራት ሳምንት ሆናቸው፣ ሦስቱም ቅርንጫፎች ቅጠላቸው አልጠወለገም። ውሃው በእንጨቱ በኩል እየወጣ ነው።

አንደኛው ግን ተበላሽቷል። ስስ አረንጓዴ ነገር ትቼበት ነበር፤ ካምቢየሙ ተርፎ ቁስሉ ላይ አዲስ ድልድይ ሠርቷል። መላጥ ብቻ አይበቃም፣ እንጨቱ ነጭ እስኪሆን በምላጭ ጀርባ መፋቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ላይ ከቀለበቱ በላይ ያለው ከንፈር አብጧል። ተመራማሪው ማልፒጊ ይህን እብጠት ያየው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ እኔም ያንኑ በጣቴ እየዳበስኩ ነው።

ሦስተኛው ላይ ከቀለበቱ በላይ ያሉትን ቅጠሎች ሁሉ ገንጥዬ እንቡጦቹን ብቻ ነበር የተውኩት። እንቡጦቹ እንዳሉ ቆመዋል፣ አላደጉም። ካልተላጠ ቅርንጫፍ ላይ እንዲሁ ቅጠል የገነጠልኩበት ግን አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ስለዚህ «ስኳር ወደ ታች ይወርዳል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ስኳር ካለበት ወደሚፈለግበት ነው የሚሄደው፣ ወደ ላይም ቢሆን።

ሳምንት 7፦ በሙቀት መግደል

ከሁሉ የምወደው ሙከራ ይሄ ነው። ዛይለም የሞተ፣ ፍሎየም ሕያው ከሆነ፣ የቅጠሉን ዘንግ በሙቅ ውሃ ባቃጥለው ውሃው ማለፉን ቀጥሎ ስኳሩ ብቻ መቆም አለበት። የዕፅዋት ተመራማሪው ስትራስበርገር እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዛፎችን መርዝ አጠጥቶ፣ ሕያው ህዋሳት ከሞቱ በኋላም ፈሳሹ መውጣቱን እንደሚቀጥል አሳይቷል። የኔው በቦሎቄ ነው።

ጥጥ ዘንጉ ላይ ጠቅልዬ የፈላ ውሃ በጠብታ አፈሰስኩበት። የመጀመሪያው ቅጠል በአሥር ደቂቃ ዘንጉ ታጥፎ ተንጠለጠለ። ጠወለገ ብዬ አዘንኩ፤ ስነካው ግን ቅጠሉ ራሱ ደንዳና ነው። ዘንጉን ቀጥ አድርገው የያዙት ሕያው ህዋሳት ስለሞቱ ድጋፍ አጣ እንጂ ውሃ አላጣም። ሆኖም መታጠፉ ቧንቧውን ሊያንቀው ይችላል፣ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ስንጥር አስሬ ደገፍኩ። ለማነጻጸሪያ በየተክሉ ላይ ሌላ ቅጠል ቀዝቃዛ ውሃ በነካ ጥጥ ጠቀለልኩ፣ ስንጥርም አሰርኩለት። አምስት ጥንድ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ቅጠል ቀን የሠራውን ስኳር በከፊል ስታርች አድርጎ ያስቀምጣል፣ ሌሊት ፈታትቶ ይልከዋል። መውጫው ከተዘጋ ጠዋት ላይ ስታርቹ እዚያው መገኘት አለበት። ቀኑን ሙሉ ብርሃን ላይ ዋሉ፣ ሌሊት አደሩ፣ ጎህ ሳይቀድ ቆረጥኳቸው። የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ አልኮል ውስጥ። አልኮሉን እሳት ላይ አይጣዱት፣ ይቀጣጠላል! ብርጭቆውን ከእሳት የወረደ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። አረንጓዴው ወጥቶ ቅጠሉ እንደ ወረቀት ሲነጣ በውሃ አለስልሼ አዮዲን ጠብ አደረግኩ።

ቀዝቃዛው ቅጠል ቢጫ ቡናማ ሆኖ ቀረ። የተቃጠለው መጀመሪያ ጅማቶቹ መካከል ጠቆር ጠቆር አለ፣ ቀጥሎ ጥቁረቱ ተስፋፍቶ ሰማያዊ ጥቁር ሆነ። ጅማቶቹ ብቻ እንደ ነጭ መስመር ቀሩ። ብርሃን ላይ ይዤ ብዙ አየሁት። የማይታየው ነገር እዚህ ታይቷል፤ ሳልቆርጠው መንገዱን ዘግቼ የተጠራቀመውን ነው ያየሁት። ከአምስቱ አራቱ ጥንድ እንዲህ ግልጽ ነበሩ። አምስተኛው ላይ ሁለቱም ጠቁረዋል፤ ምናልባት የማነጻጸሪያውን ዘንግ ክሩ አጥብቆት ይሆናል። ይደገማል።

ሳምንት 8፦ የሙንሽ ሞዴል

ስኳሩን የሚያስኬደው ምንድን ነው? ኤርንስት ሙንሽ እ.ኤ.አ. በ1930 የግፊት ፍሰት ብሎ አስረዳው። ስኳር የተጫነበት ጫፍ ውሃ ከዛይለም ይስባል፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ስኳር በሚራገፍበት ጫፍ ውሃው ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ፈሳሹ ከነስኳሩ ይሄዳል።

ሁለት የዲያሊሲስ ከረጢት (ውሃ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ያለው ከረጢት) በመስታወት ቱቦ አገናኘሁ። አንዱ ውስጥ ቀይ ቀለም ያለው የስኳር ብጥብጥ፣ ሌላው ውስጥ ውሃ። ሁለቱም ውሃ በያዘ ሳህን ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው በክሩ ቋጠሮ በኩል አፈሰሰ። ሁለተኛው ላይ ቱቦው ውስጥ አረፋ ቀርቶ ፍሰቱን ያዘው። ሦስተኛው ላይ ክሩን ድርብ አስሬ የጎማ ቀለበት ጨመርኩ፣ ቀዩ ድንበር በደቂቃ 6 ሚ.ሜ. መሄድ ጀመረ። በሰዓት 36 ሴ.ሜ. ነው። በተክል ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 1 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ቆመ። ስኳሩ ሁለቱም ጋ እየተቀራረበ መጣና ልዩነቱ ጠፋ። ተክሉ የማይቆመው እዚህ ላይ ነው። ቅጠል ላይ ያሉት አጃቢ ህዋሳት ጉልበት እያወጡ ስኳር ይጭናሉ፣ ሥርና እንቡጥ ደግሞ ያራግፉታል። የኔ ከረጢት የሚጭንለት የለውም።

ሳምንት 9

ሁለተኛውን የሂቢስከስ ቅርንጫፍ ቆረጥኩት። ከቀለበቱ በላይ ወርዱ 14 ሚ.ሜ.፣ ከቀለበቱ በታች 9። ከእብጠቱ ስስ ቁራጭ አውጥቼ አዮዲን ነካሁት፤ ህዋሳቱ በጥቁር የስታርች ቅንጣት ተሞልተዋል። ከታች የተወሰደው ቁራጭ ላይ ጥቂት ብቻ ነው ያለው።

የቀረኝ አምስተኛውን ጥንድ መድገም ነው። አዲሶቹ ቦሎቄዎች ሦስተኛ ቅጠላቸውን አውጥተዋል። ዛሬ ማታ ስንጥሮቹን በክር ሳይሆን በላላ ቴፕ አስሬ አዘጋጃቸዋለሁ።